ስለ አስዋን ታላቅ ግድብ

የግብጽ ምድር ዝናብ እምብዛም የማይጥልበት አገር ስለ ሆነ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው በዓባይ ወንዝ ነው። በክረምት በኢትዮጵያ ደጋ ዝናቡ ሲጸና ወንዙ ደለል ተሸክሞ ይወርዳል፤ በግብጽም ሞልቶ እርሻውን ያለብስ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ደለሉ በማሳው ይቀራል፤ ገበሬውም በዚያ ላይ ዘሩን ይዘራ ነበር። ዳሩ ግን የወንዙ ልክ ከዓመት ዓመት አይተካከልም፤ ሲበዛ መንደር ያፈርሳል፥ ሲያንስ ረኃብ ያመጣል።

ስለዚህ የግብጽ መንግሥት ከአስዋን ከተማ በላይ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960 ዓ. ም. ታላቁን ግድብ ማሠራት ጀመረ፤ የሶቪየት ኅብረትም በብድርና በመሐንዲሶች ረዳው። ሥራው በ1970 ዓ. ም. ተፈጸመ። ግድቡ ከድንጋይ፥ ከአሸዋና ከሸክላ አፈር የተደለደለ እንደ ተራራ ያለ ክምር ነው እንጂ እንደ ቤት ግንብ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም። ቁመቱ 111 ሜትር፥ ርዝመቱ 3,830 ሜትር ነው፤ አናቱ 40 ሜትር ሲሰፋ ግርጌው 980 ሜትር ይሰፋል። ውሃ ጥልቀቱ በጨመረ መጠን ግፊቱ ይበረታልና እንደዚህ ያለ ግርጌ ያስፈልገዋል።

ከግድቡ ኋላ የተኛው ሐይቅ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጫፉም ሱዳን ይገባል። ከሐይቁ የሚለቀቀው ውሃ 12 ተርባይኖችን ያዞራል፤ እነዚህም በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ 2,100 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ማጠራቀሙ ነው። በ1984 ዓ. ም. በኢትዮጵያ ዝናብ ጠፍቶ ብዙ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ፥ የግብጽ ገበሬ ቀድሞ ከተጠራቀመው ውሃ እየተቀነሰለት እርሻውን ያጠጣ ነበር።

ነገር ግን የሚሮጥ ውሃ የተሸከመውን አፈር፥ ሲቆም ይጥለዋል። ደለሉ በሐይቁ ውስጥ ስለሚቀር ከግድቡ በታች የሚወርደው ውሃ የጠራ ነው፤ ቀድሞ ወንዙ በነጻ ያመጣለት የነበረውን ልምላሜ ገበሬው አሁን በማዳበሪያ ዋጋ ይገዛል። ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበትም በሮዜታ አጠገብ አዲስ አፈር ስለማይደርስ ማዕበሉ ዳርቻውን እየበላ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ሐይቁ የሸፈነው ምድር ደግሞ የኑቢያ ሰዎች አገር ነበረ። በአቡ ሲምበል ከዓለት የተፈለፈሉትን የጥንት ቤተ ጣዖታት፥ ልዩ ልዩ መንግሥታት ገንዘብ አዋጥተው ከ1964 እስከ 1968 ዓ. ም. በመጋዝ አስቆርጠው 65 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ እንደ ነበሩ አስተከሏቸው። ሰዎቹ ግን በግብጽና በሱዳን ወደ 100,000 የሚጠጉ ሆነው ከወንዛቸው ተነሡ፤ የግብጾቹ ወደ ኮም ኦምቦ፥ የዋዲ ሐልፋዎቹ ከተከዜ ውሃ ወደሚቀበለው ወደ አትባራ ወንዝ ዳር ተወሰዱ። ቤታቸውንና የተምር ዛፋቸውን ውሃ ዋጠው። የዋዲ ሐልፋ ሰዎች በባቡር ከመሳፈራቸው አስቀድመው ወደ መቃብር ስፍራ ሄደው ሙታናቸውን ተሰናበቱ።