የሐበሻ ጥድን በብልቃጥ ስለ ማብቀል

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጫጫ የደረሰ መንገደኛ፣ በሜዳው ላይ የሚያየው ዛፍ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። የአገሩ ጥድ ተርፎ የሚገኘው ይልቁንም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ቶሎ በማደጉ ሕዝቡን ጠቅሟልና የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ምስጥ የማይደፍረው ምሰሶ የሚገኘው ከጥድ ነው።

ጥድ ለምን እንደ ባሕር ዛፍ አይበዛም ቢባል፣ ምክንያቱ ከዘሩ ይጀምራል። የጥድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው። ወንዱን ፍሬ አይሰጥም ብለው የቆረጡት እንደ ሆነ፣ ሴቲቱ የምታፈራው ፍሬ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ደኅናው ዘር እንኳ ቶሎ አይነሣም፤ ችግኝ አፍዪውም ይሰለችና ወደ ባሕር ዛፉ ይመለሳል።

ስለዚህ ሊቃውንት ከተክል አካል ጥቂት ቆርሶ በብልቃጥ ማብቀልን መረመሩ፤ ይህም የሕብረ ሕዋስ ማራባት ይባላል። አሳቡን በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያነሣው ሀበርላንት የተባለ የኦስትሪያ የዕፀዋት ሊቅ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን አልሆነለትም። በ1962 ሙራሺጌና ስኩግ የተክሉን የምግብ ቀመር አወጡ። በ1975 በአሜሪካ ከፓይን ዘር ሽል ሙሉ ችግኝ ተገኘ፤ በ1985 ደግሞ ስፕሩስ ከሚባለው የአውሮፓ ዛፍ አንዱ ሽል ብዙ ሽል እንዲወልድ ተደረገ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቡቃያው በሳሙና፣ በአልኮልና በበረኪና ይታጠባል። ስኳር፣ ልዩ ልዩ ጨውና ከባሕር ሣር የሚገኘው አጋር ተቀላቅለው በ121 ዲግሪ ሙቀት ከተቀቀሉ በኋላ፣ ቡቃያው በዚያ ላይ ይተከላል። አንዲት የሻጋታ ቅንጣት ብትገባ ብልቃጡ ይበላሻል። የእነዚህ ዛፎች ቁራጭ ራሱን የሚመርዝ ቡናማ ፈሳሽ ስለሚያወጣ፣ እሱን እንዲመጠው የከሰል ዱቄት ይጨመራል። ቡቃያውን ካበዙት በኋላ ሥር ማስወጣቱ ከሁሉ ይከብዳል። ሥር ቢያወጣም ከብልቃጥ የወጣ ችግኝ ቅጠሉ ስስ ነውና፣ ቀስ በቀስ ካላለመዱት የጫጫን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አይችልም።

እዚህ ላይ ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ሰው ሊያበዛው የሚመኘው በየደብሩ የቆመውን ቀጥ ያለ ሽማግሌ ጥድ ነው፤ ነገር ግን የሽማግሌ ዛፍ ቡቃያ በብልቃጥ እሺ አይልም። እሺ የሚለው የዘር ሽል ነው፤ እሱ ደግሞ አድጎ ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚሆን አይታወቅም። ባለጸጎቹ አገሮች ይህን ችግር ያቃለሉት፣ ከሽሉ ከፊሉን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን አኑረው፣ ከፊሉን በመስክ ተክለው ዓመታት በመጠበቅ ነው። መስኩ የመሰከረለትን ብቻ ከበረዶው አውጥተው ያራባሉ። ይህ ወጪው የወረዳ አይደለም።

ሌላም ሥጋት አለ። ከአንድ ሽል የተወለዱ ዛፎች ሁሉ ጠባያቸው አንድ ነውና፣ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። በ1986 በማላዊ ታይቶ በ1990 ኬንያ የደረሰው የጽድ ቅማል ብዙ ደን ማድረቁ አይዘነጋም፤ የእኛንም ጥድ አይምርም።

በአገራችን በሆለታና በሌሎች ቦታዎች ያሉ ቤተ ሙከራዎች ድንችን የመሰለውን ሰብል በዚህ ዘዴ ያራባሉ። ለጥድ ግን የቀረበው መንገድ ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ የጥድን ቁራጭ ቅርንጫፍ ሥር ማስወጣት እንደሚቻል በ2002 ባወጡት ጽሑፍ አስረድተዋል። ይህ ሥራ ጥላ፣ እርጥበትና ትዕግሥት እንጂ የብልቃጥ ቤት አይጠይቅም።

ቤተ ሙከራውም ሆነ ችግኝ ጣቢያው የሚያበዛው ቆሞ የተገኘውን ዛፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የወረዳው ሹም ከደብር አለቆችና ከባለይዞታዎች ጋር ተማክሮ፣ በጫጫ ዙሪያ የቀሩትን ጥዶች ወንድና ሴታቸውን ለይቶ ቢያስቆጥርና ምልክት ቢያስደርግላቸው መልካም ነው። ፍሬው ጠቁሮ ሰማያዊ ሲመስል ከዛፉ ላይ እንጂ ከመሬት አይለቀም፤ ከአንዲት ዛፍም ብቻ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ ከብዙዎቹ ይሰብሰብ። የበቀለውም ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት የውርጭ ወራት ማታ ማታ ሣር ወይም ጭድ ይልበስ።