ዓይን ደህና ሆኖ እይታ ሲጎድል

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው አስፋልት ጫጫን አቋርጦ ያልፋል። ባለፈው ክረምት፣ ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ወር የሆናቸው አጎቴ ይህንን አስፋልት ሊሻገሩ ሲሉ ከግራ የመጣ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታቸው። ሾፌሩ “ዕውር ነህ እንዴ?” ብሎ ተሳደበ። አጎቴ ግን ዕውር አይደሉም። ቤተሰቡ እርጅና መስሎት መነጽር አሠርቶላቸው ነበር፤ ምንም አልፈየደም።

ሊፈይድም አይችልም። ዓይን ብርሃን ይቀበላል እንጂ የሚያየው አንጎል ነው። ስትሮክ በቀኝ በኩል ያለውን የአንጎል የማየት ክፍል ሲጎዳ፣ ሰውየው በሁለቱም ዓይኖቹ የግራው ግማሽ ይጠፋበታል። ከትሪው በስተግራ ያለውን ሳይነካ ይነሳል፣ ከበር መቃን ጋር ይጋጫል፣ ሲያነብ የመስመሩ መጀመሪያ ይሰወርበታል። የሚከፋው፣ ብዙዎቹ ጉድለቱን ራሳቸው አለማወቃቸው ነው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ ሐኪሙ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጣቱን ከጎን እያንቀሳቀሰ ሊለየው ይችላል። ችግሩ ታማሚው እጅና እግሩን እንጂ እይታውን የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነው። እይታው በራሱ ከተመለሰ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከዚያ ወዲያ የሞተውን የአንጎል ክፍል የሚያድስ መድኃኒት የለም። ያለው የተሻለ አማራጭ ልምምድ ነው፦ ዓይንንና ራስን ሆን ብሎ ወደ ጎደለው ወገን ደጋግሞ ማዞር፣ ለንባብ ደግሞ በገጹ የግራ ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር ማስመር። ፕሪዝም ያለው ልዩ መነጽርም ለአንዳንዶች ይረዳል።

የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ማየት የተሳነው ሰው በውል ላይ የሚያኖረው የጣት አሻራ ወይም ምልክት እንዳይጎዳው፣ በሕግ ሥልጣን ያለው ሰው ያረጋግጠው ይላል። የገጹን ግማሽ ብቻ የሚያየው ሰው ግን ዕውር ተብሎ አይጠራ፣ አንባቢም አይደል። ስለዚህ ሰነዱ ጮክ ተብሎ ሳይነበብለት አያስፈርሙት፤ ሐኪም ሳይፈቅድም መሪ አያስይዙት።

ከጫጫ ብዙም በማትርቀው አንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት አፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታታቸውን ያሳለፉት በዚሁ በሽታ ተይዘው ነበር። በዚያ ዘመን ንጉሥም ቢሆን አማራጭ አልነበረውም። ዛሬ ግን ድንገት እይታው የጎደለ ሰው ያለ አንዳች መዘግየት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ጠበልም መነጽርም ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

አጎቴ አሁን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። አገጫቸው የግራ ትከሻቸውን ሊነካ እስኪቃረብ ዞረው ያያሉ፤ ከዚያ ነው የሚሻገሩት።