የጆሮ ማዳመጫ ገመድ በሶልደር ስለመጠገን

በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች የምትገኙ ተገልጋዮች፣ አንድ ወገኑ ድምፅ ያቋረጠ የጆሮ ማዳመጫ ከመጣሉ በፊት ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ ይመከራል። ድምፁ መለስ ጠፋ ካለ የተበጠሰው ሽቦ ነው፤ በሶልደር ይጠገናል።

ማይክሮፎን በሌለው ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ጫፉ የግራ፣ መካከለኛው ቀለበት የቀኝ፣ የኋለኛው ክፍል የጋራ መስመር ነው። የሽቦ ቀለም እንደ አምራቹ ስለሚለያይ በመልቲሜትር ይረጋገጥ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ሽቦዎቹ ቀጭን የቫርኒሽ ሽፋን ስላላቸው ሽፋኑ ካልተነሣ ሶልደሩ አይይዝም። የመሰኪያው ክዳንም አስቀድሞ በገመዱ ላይ ካልገባ የተበየደውን መልሶ መፍታት ግድ ይሆናል።

ሶልደር እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል መስኮት ይከፈት፣ ሕፃናት ይራቁ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ለባለሙያ የሚሰጥ ከሆነ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ጋር ተነጻጽሮ አስቀድሞ ይጠየቅ።