ቮልቱን ትታችሁ ዋት-ሰዓቱን አስሉ፦ የባትሪ መሣሪያ ለሐይቅና ለአምባሰል ባለሙያ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ደግሞ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ይመጣል። በሁለቱም ከተሞች በርና መስኮት የሚበይደው፣ ቁም ሣጥን የሚሠራውና ቆርቆሮ የሚመታው ባለሙያ ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው። ግማሹን መብራት ባለበት ወርክሾፕ ይሠራል፤ ግማሹን ደግሞ ቆጣሪ ገና ባልገባበት ጅምር ቤት ወይም መስመር በማያውቀው የገጠር ቀበሌ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት መብራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ወርክሾፑም ከጅምሩ ቤት አልተሻለም ነበር።

ስለዚህ ብዙ ባለሙያ የሚጠይቀው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ባትሪ ድሪል ልግዛ ወይስ ገመድ ያለውን? ባትሪ ከሆነስ 18 ቮልት፣ 21 ቮልት ወይስ 88 የተጻፈበት? መልሱን የሚሰጠው የሻጩ ምላስ ሳይሆን ማንኛውም ሰው በስልኩ ካልኩሌተር የሚሠራው ሒሳብ ነው።

ገመድ አልባ ድሪልን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1961 ነበር። መሣሪያውን ናሳ ፈለሰፈው የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። ናሳ ቴክኖሎጂውን ለጠፈር ሥራ ተጠቀመበት እንጂ አልፈጠረውም፤ የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በ1971 የጨረቃን አፈር የበሱት በባትሪ በሚሠራ ድሪል ነው። የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ኒኬል-ካድሚየም ነበሩ። አንዱ ሴል 1.2 ቮልት ብቻ ስለሚሰጥ 18 ቮልት ለማግኘት 15 ሴል መደርደር ግድ ነበር። ባትሪው ይከብዳል፤ ተቀምጦም ቢሆን በየወሩ ከያዘው ኃይል ጥሩ ድርሻ ያጣል።

ነገሩን የለወጠው ሊቲየም-አዮን ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበው፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ትልልቆቹ የመሣሪያ አምራቾች በድሪልና በመጋዝ ላይ አዋሉት። ለዚህ ባትሪ መሠረት የጣሉት ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የአንዱ ሊቲየም ሴል አማካይ ቮልት 3.6 ስለሆነ ለ18 ቮልት አምስት ሴል ይበቃል።

የገበያው ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሴሉ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ በአምስት ሲባዛ 21 ይሆናል። ሥራ ሲጀምር ወደ 20፣ በአማካይ ደግሞ 18 ላይ ይቆማል። በመሆኑም በካርቶን ላይ 18፣ 20 ወይም 21 ቮልት ተብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ባለ አምስት ሴል ባትሪ ነው። «21 ስለሆነ ከ18 ይበልጣል» ብሎ ተጨማሪ ብር መክፈል ለተጻፈ ቁጥር መክፈል ነው። በአንዳንድ ርካሽ መሣሪያ ላይ የሚታየው 48፣ 88 ወይም 128 ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። 88 ለ3.6 ሲካፈል ከ24 በላይ ሴል ይጠይቃል። የአንዱ ሴል ክብደት ወደ 45 ግራም ስለሆነ ሴሎቹ ብቻቸውን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊመዝኑ ይገባል። በእጅ ሲያነሱት ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ባትሪ 88 ቮልት ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ምን እንይ? ቮልት እንደ ሮቶ ማማ ከፍታ፣ አምፔር-ሰዓት ደግሞ እንደ ሮቶው ትልቅነት ነው፤ አንዱ ግፊቱን፣ ሌላው የያዘውን ውሃ ይነግረናል። ሁለቱን ስናባዛ ባትሪው የሚሠራው ጠቅላላ ሥራ በዋት-ሰዓት ይገኛል። 18 ቮልት በ2 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 36 ዋት-ሰዓት ነው፤ በ5 አምፔር-ሰዓት ግን 90። ሁለቱም ባትሪዎች «18 ቮልት» ይባላሉ፤ አንዱ ግን ከሌላው ሁለት ጊዜ ተኩል ይሠራል።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ጣሪያ ላይ የወጣ ባለሙያ ኢጋ ቆርቆሮ በብሎን ሲያስር ድሪሉ ለአንድ ብሎን 200 ዋት ለ3 ሰከንድ ይወስዳል እንበል። ይህ 600 ጁል፣ ማለትም 0.17 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። በዚህ ስሌት 90 ዋት-ሰዓት ከ500 በላይ ብሎን ያስራል። ሁለት ባትሪ የያዘ ሰው ጣሪያ ላይ ገመድ ሳይጎትትና ኤክስቴንሽን እግር ላይ ሳይጠመጠም የቀን ሥራውን መጨረስ ይችላል። አናጺውም ማጠፊያ ሲገጥም፣ ቁም ሣጥን ሲያሳስርና ቺፑድ ሲበሳ ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው።

ግራይንደር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ብረት የሚቆርጥ ትንሽ ግራይንደር 700 ዋት ያለማቋረጥ ቢወስድ ያው 90 ዋት-ሰዓት ባትሪ ስምንት ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ከ18 ቮልት 700 ዋት ለማውጣት ወደ 40 አምፔር ይፈስሳል፤ ይህን ያህል ፍሰት ሴሎቹን ያግላል፣ ዕድሜያቸውንም ያሳጥራል። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጥና ሲሞርድ ለሚውል ወርክሾፕ ባለገመዱ ግራይንደር ዛሬም ይበልጣል። የባትሪ ግራይንደር ቦታው ተሰቅሎ ያለን በር ትንሽ ለማስተካከል ወይም አንድ ሁለት ፌሮ ለመቁረጥ ነው። ብየዳም ከመስመር ወይም ከጀነሬተር አይላቀቅም።

ጀነሬተር ሲነሳ የወሎ ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። በሐይቅ ከፍታ ይህ ተደምሮ ከ20 በመቶ ያልፋል፤ ወደ አምባሰል ተራራ ሲወጣ ደግሞ ይጨምራል። ባትሪ አየር አይተነፍስም፤ በውጫሌም በጅቡቲም እኩል ጉልበት ይሰጣል። የመስመር ኃይል ሲደክም ያለው ልዩነትም ይህን ይመስላል። 220 መሆን ያለበት ቮልት ወደ 180 ቢወርድ የባለገመድ ድሪል ጉልበት በግምት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። የባትሪው ድሪል ግን ሌሊት መብራት ሲኖር ተሞልቶ ቀን በሙሉ አቅሙ ይሠራል። ባለ 90 ዋት-ሰዓቱን መሙላት ብክነቱን ጨምሮ ከአንድ ኪሎዋት-ሰዓት አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም።

በገበያው ማኪታ፣ ቦሽ፣ ዲዋልት፣ ቶታል፣ ኢንግኮና ሌሎችም ይገኛሉ። የአንዱ ባትሪ ሌላው ላይ እንደማይገጥም አትርሱ። ድሪል የገዛ ሰው ሳያውቀው የወደፊቱን መጋዙንና ግራይንደሩንም መርጧል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ድሪሉ ስንት ነው?» ሳይሆን «ባትሪው ለብቻው በደሴ ይገኛል ወይ? ስንት ነው?» የሚለው ነው። የሚቻል ከሆነ ካርቦን የሌለው፣ ብራሽለስ የተባለው ሞተር ይመረጣል፤ ከአንዱ ባትሪ ተጨማሪ ሥራ ያወጣል፣ የሚያልቅ ካርቦንም የለውም።

አስመስሎ የተሠራ ባትሪን ለመለየትም ክብደት ይረዳል። 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የተለመደው ሴል አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 አምፔር-ሰዓት አያልፍም። በእነዚህ ሴሎች 6 አምፔር-ሰዓት ለማግኘት አምስት ሳይሆን አሥር ሴል ያስፈልጋል፤ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ ይበልጣል። «6» ተጽፎበት እንደ ባለ 2 የሚቀል ከሆነ ይታለፍ።

ከውጭ ዘመድ መሣሪያ ሲልክም ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ከአሜሪካ የሚመጡ ብዙ ቻርጀሮች የሚሠሩት በ120 ቮልት ብቻ ነው፤ 220 ላይ ከተሰኩ ይቃጠላሉ። ሁለተኛ፣ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይደለም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ፣ እስከ 160 ደግሞ በአየር መንገዱ ፈቃድ ያልፋል።

ባትሪን የሚገድሉት ሙቀትና ባዶነት ናቸው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ አይተው፤ ከከባድ ሥራ በኋላ ሳይቀዘቅዝ አይሞላ፤ ለወራት ሲቀመጥ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይሁን። ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ባትሪ አይሞላ፣ አይከፈት። ከተለያየ አሮጌ ባትሪ ሴል ለቃቅሞ ያለ መከላከያ ሰርኪዩት መበየድም ወርክሾፕ ያቃጥላል። የሞተውን ደግሞ ቆሻሻ ላይ መጣል ለሐይቅ ነዋሪ የተለየ አደጋ አለው፤ የሐይቅ ሐይቅ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው የገባበት መርዝ ተጠርጎ የሚሄድበት የለም። የድሮዎቹ ባትሪዎች ካድሚየም ደግሞ ከባድ መርዝ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፦ ለመብሳትና ለማሰር ባለ 18 ቮልት ብራሽለስ ድሪልና ሁለት እውነተኛ ባትሪ ይገዛ፤ ለግራይንደርና ለብየዳ ገመዱ ይቆይ። የደሴው ወይዘሮ ስህን እና የኮምቦልቻው ፖሊቴክኒክ ኮሌጆችም ለአናጺውና ለብረት ሠራተኛው ተማሪ ባትሪ መመዘንን፣ ዋት-ሰዓት ማስላትንና የሞተ ባትሪ መሰብሰብን ከመጋዙና ከብየዳው እኩል ቢያስተምሩ፣ የወጣቱ የመጀመሪያ ካፒታል በካርቶን ላይ ለተጻፈ ቁጥር አይባክንም።