የቤልፋስቱ ክራውን፦ ሴራሚክ የለበሰው መጠጥ ቤት

በሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ በቤልፋስት፣ ግሬት ቪክቶሪያ በተባለው ጎዳና፣ ከዩሮፓ ሆቴል ፊት ለፊት ክራውን ሊከር ሳሉን የሚባል መጠጥ ቤት አለ። የምድር ወለሉ የፊት ግንብ ባለብዙ ቀለም ሴራሚክ የለበሰ በመሆኑ፣ ዝናብ በማያጣው በዚያ ከተማ ሰማዩ በጠቆረበት ቀን እንኳ ያበራል። አላፊ አግዳሚውን የሚያስቆመው ግን በሩ ሲከፈት የሚታየው ነው።

ቤቱ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ፓትሪክ ፍላናጋን የተባለ ባለቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ ሲያሳድሰው ነው። በወቅቱ በአየርላንድ አዳዲስ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ይሠሩ ነበር፤ ለዚህም ከጣሊያን የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ፍላናጋን እነዚህን ሰዎች አግባብቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ሲወጡ ማታ ማታ የእሱን ቤት እንዲያስጌጡ አደረገ ይባላል። ውስጡን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ባለቀለም መስኮቶቹ፣ የተፈለፈለው እንጨት፣ የወለሉ ሞዛይክ፣ በወርቅማ ቀለም የተዋቡት ዓምዶች ሁሉ የጸሎት ቤት ሙያ ናቸው።

የዚህ ቤት ነፍስ ግን፣ እንደኔ፣ ሴራሚኩ ነው። የተሠራው በእንግሊዝ አገር፣ ጃክፊልድ በተባለች መንደር በነበረው በክሬቨን ደኒል ፋብሪካ ነው። በዚያ ዘመን አበባና ቅጠል ጎልቶ የሚታይበት የግድግዳ ሴራሚክ የሚዘጋጀው እንዲህ ነበር፦ ሸክላው በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጨመቅና ጌጡ ከፊቱ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። በእቶን አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደ መስታወት የሚያሳይ ባለቀለም ቅብ ይደረግበትና ዳግመኛ ይተኮሳል። ቅቡ በሙቀቱ ሲቀልጥ ከጎላው ክፍል እየወረደ በጎድጓዳው ይጠራቀማል። ስለዚህ አንዱ ቀለም ጫፉ ላይ ሳስቶ ይፈካል፣ ሥሩ ላይ ወፍሮ ይጠቁራል። ጥላውን የሚያወጣው ሠዓሊ ሳይሆን እሳቱ ራሱ ነው። የባንኮኒውን ፊት ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ጌጡ ለታይታ ብቻ አልነበረም። መብራቱ የጋዝ ነው፤ ጋዝ ደግሞ ጥላሸት አለው። በዚያ ላይ የትምባሆ ጭስና የሚደፋ ቢራ አለ። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይህን ሁሉ ብዙ አይችለውም፣ ሴራሚክ ግን በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የሚያብረቀርቅ ፊቱም የደከመውን የጋዝ ብርሃን መልሶ ወደ ክፍሉ ይረጨዋል።

ከባንኮኒው ማዶ በእንጨት የተከለሉ 10 ትናንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ በእንግሊዝኛው ፊደል ከኤ እስከ ጄ ተሰይመዋል። እያንዳንዳቸው የሚዘጋ በር አላቸው፤ መግቢያቸውን ጋሻ የያዙ የእንጨት አንበሶችና ክንፋም አውሬዎች ይጠብቁታል። ውስጡ የክብሪት መጫሪያ ብረት አለ፤ አስተናጋጅ ለመጥራት ደግሞ ደወል ተዘርግቷል። ለመጠጣት ፈልጎ መታየት የማይሻ፣ በተለይም በሰው ፊት መጠጣት ያስነቅፋት የነበረች ሴት፣ በሩን ዘግታ በክብር ትስተናገድ ነበር። ለእንግዳ ይሉኝታ እንዲህ ያሰበ ሕንፃ ጥቂት ነው።

መግቢያው ወለል ላይ በሞዛይክ የተሠራ ዘውድ አለ፤ የቤቱም ስም ትርጉሙ ይኸው ነው። የከተማው ሰው እንደሚያወራው፣ ስሙ ዘውድ እንዲሆን የፈለገችው የፍላናጋን ሚስት ናት፤ እሱ ግን የብሪታንያን አገዛዝ የማይወድ ሰው ነበርና እሺ ብሎ፣ የሚገባው ሁሉ እንዲረግጠው ዘውዱን መሬት ላይ አነጠፈው። እውነት ይሁን አይሁን፣ ቤልፋስት የብሪታንያን አገዛዝ በሚደግፉና በሚቃወሙ ሁለት ወገኖች የተከፈለች ከተማ ስለነበረች ወሬው እስከ ዛሬ ኖሯል።

ያው ክፍፍል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሥርት ዓመታት ቤቱን ክፉኛ ጎድቶታል። ፊት ለፊቱ ያለው ዩሮፓ ሆቴል ከ30 ጊዜ በላይ የቦምብ ጥቃት ደርሶበታል፤ ፍንዳታው የክራውንን መስኮቶች ደጋግሞ አርግፏል። በዚያው የመከራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ቤቱን ገዛው። እንዲገዛ ከወተወቱት አንዱ ስለ አሮጌ ሕንፃዎች አጥብቆ ይሟገት የነበረው ባለቅኔ ጆን ቤትጀመን ነው። በ1981 በ400,000 ፓውንድ ታደሰ፤ በ2007 ደግሞ ሌላ ትልቅ እድሳት ተደረገለት።

ማኅበሩ ቤቱን ሙዚየም አላደረገውም። ዛሬም ቢራ ይቀዳበታል፣ ጋዙም ይበራል፣ ደንበኛውም ክንዱን ባንኮኒው ላይ ያሳርፋል። በእኔ እምነት ይህ ከእድሳቱ ሁሉ የሚበልጥ ውሳኔ ነው፤ እነዚያ ክፍሎች በራቸው ካልተዘጋና ሰው ካልተቀመጠባቸው ለምን እንደተሠሩ አይገባም። የጃክፊልዱ ፋብሪካ ሕንፃ ግን የሴራሚክ ሙዚየም ሆኗል፤ ሆኖም በዚያው ግቢ ለአሮጌ ሕንፃዎች መጠገኛ የሚሆን ሴራሚክ አሁንም ይመረታል።