ከአንድ ጽዋ የሚጠጡ

ዛሬ ነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ዕረፍት ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ሰፈሩም አደባባዩም በስማቸው በሚጠራው አጥቢያ፣ ምእመናን ገና ጎሕ ሳይቀድ ነጭ ለብሰውና ጃንጥላ ዘርግተው የክረምቱን ጭቃ እየተሻገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይጎርፋሉ። ሱቁን ዘግቶ ከመርካቶ በኩል የሚመጣው ነጋዴ፣ ሌሊቱን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲያስታምም ያደረው ሰው፣ ልጇን አዝላ ስለት ልታስገባ የመጣችው እናት በአንድ ቅጥር ውስጥ ይገናኛሉ። ከቅዳሴው በኋላ ደግሞ በየቤቱ ዝክር አለ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጽዋው ይዞራል። ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ስለዚሁ ስለሚዞረው ጽዋ ነው።

ጻድቁ በዓመት ውስጥ በተለያዩ በዓላት ይታሰባሉ። መጋቢት 24 ፅንሰታቸው፣ ታኅሣሥ 24 ልደታቸው፣ ግንቦት 12 ፍልሰተ ዐፅማቸው ሲሆን የዛሬው ዕረፍታቸው ነው። በሸዋ በጽላልሽ ኢቲሳ መወለዳቸውን፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥር፣ ኋላም በደብረ ዳሞ በምንኩስና መኖራቸውን፣ በአንድ እግራቸው ቆመው መጸለያቸውንና ስድስት ክንፍ መቀበላቸውን ከልጅ እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም፤ በየቤታችን ግድግዳ የተሰቀለው ሥዕልም ይህንኑ ያሳያል። ስለ አሟሟታቸው ግን ብዙ አይነገርም። በዓሉ የዕረፍታቸው በዓል ሆኖ ሳለ እንዴት እንዳረፉ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ ያረፉት፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ በተባለው በደብረ አስቦ፣ በዘመኑ በገባው ተላላፊ ደዌ፣ አባቶች ብድብድ ወይም ቸነፈር በሚሉት በሽታ ነው። ጌታችን ተገልጦ በዚሁ ደዌ እንደሚሞቱ እንደ ነገራቸው፣ ሞቱም እንደ ሰማዕታት ሞት እንደሚቆጠርላቸው ቃል እንደ ገባላቸው ገድሉ ይናገራል። በእግራቸው የተተኩት አባ ኤልሳዕም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ተላላፊ በሽታን ለኃጢአተኛ የተላከ መቅሠፍት ብቻ አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህ ታሪክ ያስቸግራል። በመቅሠፍት ይመታሉ የሚያሰኝ ነውር ያልተገኘባቸው ጻድቅ፣ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር በአንድ ደዌ ሞተዋልና።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታዩት በ1978 ዓ.ም. ነው። በሽታው ከሆስፒታል መዝገብ ወጥቶ የአዲስ አበባን ሰፈሮች በር በበር ያንኳኳው ግን በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ነበር። በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያደገ ሰው ያን ዘመን በለቅሶ ድንኳን ያስታውሰዋል። አንዱ ሳይነቀል ሌላው ይተከል ነበር። የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «ባደረበት ሕመም በጠበልና በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» ከማለት አያልፍም፤ ሰሚውም ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። «ሳንባ ነው»፣ «ጉበት ነው» ይባላል። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ፊቱን በነጠላ ይሸፍናል፤ ጎረቤቱ ግን በነጠላው ይፈርድበታል።

በሃይማኖት ቤተ ሰብ መካከልም መለያየት ገባ። «እግዚአብሔር የላከው ቅጣት ነው፤ የዘራውን አጨደ» የሚል ነበር። «ሕመምተኛ ሕመምተኛ ነው፤ ጌታችን ለምጻሞችን አላራቀም» የሚልም ነበር። ክርክሩ በዐውደ ምሕረት ላይ ሲሆን ለመስማት ያምራል። ፈተናው የሚመጣው ግን ነገሩ ወደ ቤት ሲገባ ነው፤ ይልቁንም ወደ ማኅበር ቤት።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እናት በየወሩ በ24 የሚጠጣ የሴቶች ጽዋ ማኅበር አባል ነበረች፤ ዛሬም ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከማኅበርተኞቹ አንዷ ባሏን ቀብራ ዓመት ሳይሞላት እርሷም ትከሳ ጀመር። ከዚያም አልማዝ ባለጭራው በግንባሯ ወጣ። ማንም ምንም አላላትም፤ ክፋቱም ይኸው ነበር። ጽዋው ወደ እርሷ ሲደርስ ቤቱ ዝም ይላል፤ ከእርሷ ቀጥላ የተቀመጠችው ሴት «ዛሬስ ጨጓራዬን አሞኛል» ብላ ሳትቀምስ ታሳልፋለች። በሚቀጥለው ወር ሁለት ሴቶች ጨጓራቸውን ታመሙ። በሦስተኛው ወር ከእርሷ በኋላ የሚጠጣ ጠፋ።

ያን ጊዜ አንዲት ማኅበርተኛ መላ አመጣች። ሁሉም በየራሱ ኩባያ ቢጠጣ ማንም በስም አይነሣም፣ ማንም አይቀየምም አለች። ሐሳቡ ተወደደ። ባለ መላዋ እናቴ ነበረች። ቢጫዎቹን የፕላስቲክ ኩባያዎች ከመርካቶ ገዝቼ በፌስታል ተሸክሜ ያመጣሁትም እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሚፈለጉ አውቅ ነበር፣ አልጠየቅሁምም።

ኩባያዎቹ በተደረደሩበት ቀን የማኅበሩ የነፍስ አባት መጡ። ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባርከው ከቆረሱ በኋላ ኩባያዎቹን አዩ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«ለጽዳት ብለን ነው አባ» አለች እናቴ።

አባ አልመለሱላትም። ጽዋውን አንሥተው ከባረኩ በኋላ «ጠጪ ልጄ» ብለው ለዚያች ሴት ሰጧት። እጇ እየተንቀጠቀጠ ቀመሰች። ከእጇ ተቀብለው እርሳቸው ጠጡ፤ ጢማቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ተቀመጡ። ስብከት አልሰበኩም፤ ስለ ቆሎው ጨው መብዛት አንድ ነገር ተናግረው ወሬ ቀየሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ያማረ ነበር። ሁለት ሴቶች ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከማኅበሩ ወጡ። እናቴ ከአባ ቀጥላ ጠጣች፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን እንቅልፍ በዓይኗ እንዳልዞረ የነገረችኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሴትየዋም ራሷ ለሰባት ወር ያህል ወደ ማኅበሩ አልተመለሰችም። «አባ ቸርነት አደረጉልኝ፤ ሁሉም ግን ሲያየኝ ነበር» ማለቷን ሰምተናል። በሰው ፊት የተደረገ ቸርነትም ሊያቆስል እንደሚችል በዚያ ቤት ከነበሩት ብዙዎቻችን አላሰብንም ነበር።

ቫይረሱ በጽዋም፣ በምራቅም፣ አብሮ በመብላትም እንደማይተላለፍ ያን ጊዜም በራዲዮ ይነገር ነበር። ጆሮ ሰምቷል፤ እጅ ግን አልተቀበለውም። ፍርሃቱ እጅግ ከመባባሱ የተነሣ ደሙ የሚቀዳበትን እርፈ መስቀል በተመለከተ እንኳ በየጓዳው የሚንሾካሾክ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሹክሹክታ የተሻለው መልስ በቤተ መቅደስ ውስጥ በየዕለቱ የሚፈጸም ነው። ሕዝቡ ቆርቦ ካበቃ በኋላ በጽዋው የሚቀረውን አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ የሚያነሡት ካህናቱ ናቸው። ይህን የሚያደርጉት ኤች አይ ቪ ከመምጣቱ በፊትም ነበር፤ ከመጣ በኋላም አላቋረጡም።

ከጽዋው ይልቅ ብዙ ሕይወት የተከፈለበት ክርክር ግን የጠበልና የመድኃኒት ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ሲጀምር በእንጦጦ ማርያም ጠበል ዙሪያ ብዙ ሕሙማን ሰፍረው ይኖሩ ነበር። መድኃኒት መዋጥ በጠበሉ አለማመን ነው ብለው የሚያስተምሩ፣ ክኒኑን የሚያስጥሉ ነበሩ። መድኃኒቱ ተጀምሮ ሲቋረጥ በሽታው ብርታት አግኝቶ እንደሚመለስ ሐኪሞች ቢናገሩም ሰሚው ጥቂት ነበር። ከሰፈራችን አንድ ወጣት ክኒኑን ለእናቱ አስረክቦ ወደ ጠበል ወጣ፤ በተመለሰ ጊዜ በሰው ትከሻ ነበር። እናቱ ያን የክኒን ብልቃጥ ለረጅም ጊዜ ከሥዕለ ማርያም ሥር አኑራው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. በዘመኑ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው በዚህ ረገድ ታላቅ እርምጃ ነበር። ዘግይቷል የሚሉ አሉ፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከእነርሱ ወገን ነው። ሆኖም ቃሉ ከወጣ በኋላ ክኒኑን በጠበሉ መዋጥ የብዙዎች ልማድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የቀረው ጥያቄ የጾም ነበር። መድኃኒቱ ያን ጊዜ ጧትና ማታ በሰዓቱ የሚወሰድ ስለነበረ፣ «ጾሜን ይሽርብኛል ወይ? ውጬ መቁረብስ እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ነፍስ አባቶች ይጎርፍ ጀመር። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጋዜጣም ሐኪምም አይመልሰውም። መልሱ በንስሐ አባትና በልጃቸው መካከል የሚቀር ነው፤ ስንት ሰው በዚያ ምሥጢር ውስጥ ሕይወቱ እንደ ተረፈ የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ካህናትን ስለ በሽታው ማሠልጠኑም የጠቀመው ይልቁንም በዚህ ቦታ ነው።

ዕድሮችም ለቀብር ከሚያወጡት ገንዘብ ላይ ቀንሰው በሕይወት ያለውን ሕመምተኛና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት የጀመሩት በእነዚሁ ዓመታት ነው። በብዙ አጥቢያዎች ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ ወረቀት መጠየቁም ተለመደ፤ እርሱም የራሱን ክርክር አስነሥቶ ነበር።

ያቺ ማኅበርተኛ መድኃኒቱን ከጀመሩት ቀደምት ሰዎች አንዷ ሆነች። ሥጋዋ ተመለሰ፤ ልጆቿን አስተማረች፤ በማኅበሩም ሙሴ ሆና እስከ መመረጥ ደረሰች። ነገሩ የተፈጸመ መስሎን ሳለ መጋቢት 2012 ዓ.ም. መጣ።

የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ ቅዱስ ሲኖዶስ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ አሳሰበ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የዚያን ዓመት ትንሣኤ አብዛኛው ሰው ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተለ አሳለፈ። በየቤቱም የድሮው ክርክር በአዲስ ልብስ ተመለሰ። አንዱ «የእምነት ጉድለት ነው» ሲል ሌላው «ጥንቃቄ ነው» ይላል፤ አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት ይኳረፋሉ። በኤች አይ ቪ ዘመን መራቅ በደል እንደ ነበረ አጥብቀው የተማሩ ሰዎች አሁን መራቅ ፍቅር ነው ሲባሉ ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፍርሃት መሠረት አልነበረውም፤ በጽዋ የማይተላለፈውን በጽዋ ፈራነው። ሁለተኛው በትንፋሽ የሚተላለፍ ነበር፤ ሽማግሌንና ሕመምተኛንም ይበረታ ነበር።

ማኅበሩ ከተቋረጠበት ሲመለስ በየራሳችን ኩባያ እንጠጣ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እምቢ ያለችው እናቴ ናት። «አንድ ጊዜ በድያለሁ፤ ዳግመኛ ኩባያ አልደረድርም» ብላ አለቀሰች። ያስማማቻት ያቺው ሴት ነበረች። በበሩ በኩል ራቅ ብላ ቆማ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ «እትዬ፣ ያኔ የፈራችሁት እኔን ነበር፤ አሁን የምፈራው እኔ ነኝ» አለቻት። እናቴም ተነሥታ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ከሃያ ዓመት በፊት የገዛኋቸው ቢጫ ኩባያዎች ከጥቂቶቹ በቀር እዚያው ነበሩ። ጽዋው በመካከል ተቀምጦ ከተባረከ በኋላ ከእርሱ ለየኩባያው ተቀዳ።

ዛሬ ያ ሰፈር እንደ ቀድሞው አይደለም። በልደታ አካባቢ የነበሩት አሮጌ ቤቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲፈርሱ ማኅበርተኞቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበታትነዋል። እኩሌቶቹ ለዛሬው በዓል ከጀሞና ከሌላም ቦታ ሌሊት ተነሥተው ነው የመጡት። ከማኅበሩ ወጥተው ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንዷ ዐርፋለች፤ ሌላዋ ባለፈው ዓመት ለእናቴ ስልክ ደውላ የማኅበሩን ቀን ጠይቃ ነበር፤ እስካሁን ግን አልመጣችም። ከቅዳሴ በኋላ ባለተራዋ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በታክሲ ይዛው ትሄዳለች። ለሁሉም ጽዋው እንደ ጥንቱ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀምሯል። ቢጫዎቹ ኩባያዎች ታጥበው ወደ ቁምሳጥኑ ተመልሰዋል፤ እናቴ አልጣለቻቸውም።