የፋብሪካ ቧንቧ ዝርጋታ፦ ከስሌት እስከ ብየዳ

የፋብሪካ ቧንቧ ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ቦታ ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ የሚጠብቀው መታጠፊያው፣ መገጣጠሚያውና ድጋፉ ጋ ነው። የዲዛይነሩም የበያጁም ልፋት በአብዛኛው የሚያልቀው እዚያ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ውስጡ የሚያልፈውን ነገር፣ ግፊቱንና ሙቀቱን በማወቅ ነው። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ለኬሚካልና ለነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካዎች ቢ31.3፣ ለኃይል ማመንጫዎች ደግሞ ቢ31.1 የተባሉ ደንቦች አሉት። የግድግዳው ውፍረት ሲሰላ ዝገት የሚበላው ታስቦ ይጨመርበታል።

የመጠን አጠራሩ ጀማሪን ያደናግራል። ባለ 4 ኢንች ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። ስኬጁል በሚባለው የውፍረት መለያ በስኬጁል 40 ግድግዳው 6.02፣ በስኬጁል 80 ደግሞ 8.56 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የውጭው መጠን ስለማይለወጥ ግድግዳው ሲወፍር የሚጠበው ውስጡ ነው።

ሙቀት ሌላ ራስ ምታት ነው። በ7 ባር ጌጅ ግፊት ያለ እንፋሎት 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል። በ20 ዲግሪ የተገጠመ 100 ሜትር የካርበን ስቲል ቧንቧ ይህ እንፋሎት ሲገባበት 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሁለቱን ጫፍ ጠፍሮ ማሰር ብረቱንም የታሰረበትንም መስበር ነው። ስለዚህ በየመካከሉ የዩ ቅርጽ መታጠፊያ ይሠራለታል፤ ከድጋፎቹም ጥቂቶቹ አጥብቀው ሲይዙት ሌሎቹ እንዲንሸራተት ይለቁታል።

ከመገጣጠሚያዎቹ ኤልቦ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ቲ ይከፍላል፣ ሪዲውሰር ያጠባል። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነው ሪዲውሰር አገጣጠሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአግድም የእንፋሎት መስመር ላይ ውሃ እንዳይጠራቀም ጠፍጣፋው ወደ ታች ይደረጋል፤ ወደ ፓምፕ በሚገባ አግድም መስመር ላይ ግን አየር እንዳይታቆር በአብዛኛው ወደ ላይ ነው። በብሎን የሚታሰረው መገጣጠሚያ፣ ፍላንጅም፣ አቅሙ በሙቀት ይወርዳል፦ ክላስ 150 የካርበን ስቲል ፍላንጅ በ38 ዲግሪ 19.6 ባር ሲችል በ200 ዲግሪ የሚችለው 13.8 ባር ብቻ ነው።

ለብየዳ የቧንቧው ጫፍ በተለምዶ በ37.5 ዲግሪ ይሞረዳል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከልም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። የመጀመሪያው መስመር ብዙ ጊዜ በቲግ፣ መሙያው በኢ7018 ኤሌክትሮድ ይበየዳል። ይህ ኤሌክትሮድ እርጥበት ከነካው ሃይድሮጅን ወደ ብየዳው ገብቶ ሊሰነጥቀው ስለሚችል በማሞቂያ ሳጥን ይቀመጣል። ቧንቧው በ45 ዲግሪ ዘምሞ ሳይዞር የሚበየድበት 6ጂ የተባለው ፈተና የበያጅ ብቃት መለኪያ ነው። በመጨረሻ መስመሩ በውሃ፣ በቢ31.3 ቢያንስ በዲዛይን ግፊቱ 1.5 እጥፍ ይፈተሻል። ውሃ የሚመረጠው እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ቧንቧው ቢፈነዳም የሚለቀው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ነው።

እነዚህ ደረጃዎች ሲዘለሉ ምን እንደሚመጣ የእንግሊዙ የፍሊክስቦሮ ኬሚካል ፋብሪካ አሳይቷል። አንድ የተሰነጠቀ ሪአክተር ሲነሳ፣ 28 ኢንች በነበሩት በግራና በቀኙ ባሉት ሪአክተሮች አፎች መካከል ባለ 20 ኢንች ጠማማ ቧንቧ በጊዜያዊነት ተገጠመ። ንድፉ ወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ የተሠመረ ብቻ ነበር፤ በጠማማው ቧንቧና በጫፎቹ ተለጣጭ መገጣጠሚያዎች ላይ የሚያርፈውን ኃይል ያሰላ አልነበረም። ሰኔ 1 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ቧንቧው ተበጥሶ የወጣው ሳይክሎሄክሴን የተባለ ተቀጣጣይ ኬሚካል ፈንድቶ 28 ሠራተኞች ሞቱ።

በቧንቧ ሥራ «ለጊዜው» የሚባል ነገር የለም። ለአንድ ቀን የሚገጠመውም ስሌት፣ ስዕልና ፍተሻ ይገባዋል።